እከክ የአንድ ሰው ደዌ አይደለም

በሽታውን የሸሸገ መድኀኒት አይገኝለትም ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለብዙ ደዌ የሚስማማ ቢሆንም፤ ለእከክ የሚስማማውን ያህል ግን ለሌላ አይስማማም። ሰው ትኵሳት ቢይዘው ለጎረቤቱ ይናገራል፤ እግሩ ቢሰበር ወጌሻ ይጠራል፤ ዐይኑ ቢታመም ወደ ሐኪም ይሄዳል። እከክ የያዘው ሰው ግን እጁን በነጠላው ሸፍኖ፥ ከማኅበር ርቆ፥ ሌሊቱን ሲያክ አድሮ ጧት ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ይህም የሚሆነው ደዌው ቀላል ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚያሳፍር ስለ መሰለ ነው እንጂ። እኛም ዛሬ ልንናገር የወደድነው ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው፥ ነገር ግን ማንም በአደባባይ ሊያነሣው ስለማይወደው ስለዚሁ ነገር ነው።

የምንለውም በአጭሩ ይህ ነው። እከክ በበዛበት አገር አንድ አንዱን በሽተኛ እየለዩ ማከም ድካም ነው እንጂ ፈውስ አይሆንም። መንደሩ በሙሉ፥ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፥ ባለቤትም እንግዳም፥ በአንድ ቀን መድኀኒቱን ሊወስድ ይገባል። ይህን ስንል ከራሳችን አስበን የፈጠርነው ምክር አይደለም፤ በልዩ ልዩ አገር ተሞክሮ ፍሬው የታየ ሥራ ነው። በእኛም አገር ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ አብዛኛው በእጃችን ይገኛል።

አስቀድሞ የደዌውን ጠባይ ማስረዳት ይገባል፤ የማያውቁትን ጠላት ማሸነፍ አይቻልምና። በጥንት ዘመን የአውሮጳ ሐኪሞች እከክ ከደም መበላሸት የሚመጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1687 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ዘመኑ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) ጆቫኒ ኮሲሞ ቦኖሞ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም፤ ዲያቺንቶ ቼስቶኒ ከተባለው መድኀኒት ቀማሚ ጋራ ሆኖ፤ ከእከክተኞች ቈዳ ውስጥ የወጣችውን ጥቃቅን ተባይ በማጕያ መነጽር ተመልክቶ፤ የደዌው ምክንያት እርስዋ እንደ ሆነች ለፍራንቼስኮ ሬዲ በደብዳቤ ገለጠ። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቃሉን የተቀበለው ሰው ጥቂት ነበረ። በ1834 ዓ.ም. ሬኑቺ የሚባል የኮርሲካ ተወላጅ የሕክምና ተማሪ በፓሪስ ከተማ በመምህራን ፊት ተባዪቱን በመርፌ ጫፍ አውጥቶ ባሳየ ጊዜ ክርክሩ ተዘጋ። እርሱም ይህን ዘዴ የተማረው በአገሩ ካሉ የባላገር ሴቶች ነበረ ይባላል። ሊቃውንት የካዱትን ነገር ልጆቻቸውን የሚያክሙ እናቶች አስቀድመው ያውቁት ኖሮአል።

ተባዪቱ በዐይን ለማየት የምታስቸግር፥ ርዝመትዋ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል የሆነ፥ ስምንት እግር ያላት ቅንቅን ናት። እንስቲቱ በላይኛው ቈዳ ውስጥ እንደ ፍልፈል ጕድጓድ እየማሰች ትገባለች፤ በየቀኑ ሁለት ወይም ሦስት ዕንቍላል ትጥላለች፤ ከአንድ እስከ ሁለት ወርም ትኖራለች። ዕንቍላሉ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም በሁለት ሳምንት ገደማ አድጎ በተራው ለመራባት ይደርሳል። በአንድ ተራ በሽተኛ ገላ ላይ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አይበልጡም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣውም የተባዪቱ ንክሻ ሳይሆን፤ ሰውነት በእርስዋና በኵስዋ ላይ የሚያስነሣው ቍጣ ነው።

ከዚህም አንድ ታላቅ ነገር ይከተላል። ሰውነት ይህን ቍጣ እስኪያስነሣ ድረስ ጊዜ ያስፈልገዋል። ደዌው ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቈይቶ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተባዪቱ በገላው ላይ ትራባለች፥ ወደ ሌላውም ትተላለፋለች፤ እርሱ ግን ጤነኛ ነኝ ይላል። ሐኪምም ቢመረምረው የሚያገኝበት ምልክት እምብዛም ነው። እንግዲህ የታመመውን ብቻ ለይቼ አክማለሁ የሚል ሰው፤ ከታመሙት ውስጥ የሚታዩትን ብቻ ያክማል ማለት ነው።

እስኪ ይህን በአንድ ቤት ምሳሌ እንመልከተው። ስድስት ነፍስ ያለበት የባላገር ቤት ነው እንበል፤ አባትና እናት፥ አያት፥ ሦስት ልጆች። ልጆቹ በአንድ ጀንዲ ላይ አንድ ጋቢ ለብሰው ይተኛሉ። የመካከለኛው ልጅ በጣቶቹ መካከልና በእጁ አንጓ ላይ ሽፍታ ወጥቶበት እናቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ተጕዛ ወደ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች። ቅባት ይሰጡታል፤ ተቀብቶም ይድናል። ነገር ግን ታናሽ እኅቱ ተባዪቱ ከተጋባችባት ገና ሦስተኛ ሳምንትዋ ነውና ምንም አይታወቅባትም። አያትየውም የሚያኩትን ከእርጅና ነው ብለው ዝም ብለዋል። ልጁ በዳነ በወሩ በዚያው ጀንዲ ላይ ተኝቶ እንደገና ይያዛል። ሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው ደግሞ ማከክ የሚጀምረው በጥቂት ቀን ውስጥ ነውና እናቱ መድኀኒቱ አይሠራም ብላ ታዝናለች። መድኀኒቱስ ሠርቶ ነበር፤ ያልሠራው የእኛ አሠራር ነው።

ቤቱ ሁሉ በአንድ ቀን ቢታከም እንኳ ነገሩ በዚያ አያበቃም። ልጁ ከጎረቤት ልጆች ጋራ ከብት ይጠብቃል፤ በትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ቤተ ሰቡም ለቅሶ ሄዶ ከዘመድ ጋራ ያድራል። ስለዚህ ከሦስት ሰው አንዱ በተያዘበት ቀበሌ፤ አንድ ቤት ብቻውን ንጹሕ ሆኖ ሊኖር አይችልም። ይህ የማንም ቸልተኝነት ሳይሆን የደዌው ጠባይ ነው።

ብዙ ሰው እከክን የቈሻሻ ልጅ አድርጎ ይቈጥረዋል። ገላን መታጠብና ልብስን ማጠብ ለሁሉ ነገር መልካም መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ተባዪቱ ከቈዳ በታች ስለምትኖር በውሃና በሳሙና አትጠፋም፤ በየቀኑ የሚታጠብ ሰውም ሊያዝ ይችላል። የምትተላለፈውም ይልቁን ገላ ከገላ ጋራ ብዙ ሲነካካ ነው። ከሰው ገላ የተለየች እንደ ሆነ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አትኖርም። ስለዚህ በሕክምናው ቀን የለበሱትንና የተኙበትን ልብስ በፈላ ውሃ ማጠብ፤ ውሃ ከሌለም በከረጢት አጥብቆ ቋጥሮ ከ3 ቀን በላይ ማቈየት ይበቃል። ውሃ በጠፋበት አገር እንኳ ይህን ማድረግ ይቻላልና፤ ውሃ እስኪገባ ድረስ እንታገሥ የሚለው ምክንያት ከሥራ ሊያግደን አይገባም።

እከክ አይገድልም የሚልም አለ። እንዲህ የሚለው ሰው ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ ገላውን በገል መፋቁን አንብቦ፤ የቈዳ ደዌ ሰውን እንዴት እንደሚያዋርድ ያላስተዋለ ነው። ሌሊት ያልተኛ ልጅ ቀን በትምህርት ቤት ያንቀላፋል፤ ጓደኞቹ ሲሸሹትም ትምህርቱን ይተዋል። ይህም ብቻ አይደለም። በጥፍር የተላጠ ቈዳ ለሌላ ጠላት በሩን ይከፍታል። ስትሬፕቶኮከስና ስታፊሎኮከስ የተባሉ ረቂቃን ተዋሕስያን በዚያ ገብተው መግል የሚይዝ ቍስል ያመጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ደም ዘልቀው ሕይወትን ያሳልፋሉ። ከስትሬፕቶኮከስ ቍስል በኋላ የኵላሊት መቈጣት ሊከተል ይችላል፤ ለልብ ደዌም መንገድ ሳይከፍት እንደማይቀር ሊቃውንት ይጠረጥራሉ። እንግዲህ በእከክ የሚጀምረው ነገር በእከክ ብቻ ላይቀር ይችላል።

በአገራችን የሆነውንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ኤልኒኞ የተባለው የአየር መለዋወጥ በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናሙን ባሳነሰው ጊዜ፤ ከድርቁ ኋላ የተከተለው ራብ ብቻ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል በድርቅ በተጐዱ ወረዳዎች በተደረገ ምርመራ ከ1,100,000 በላይ ሰው ታይቶ፤ 379,000 ያህሉ እከክ ይዞት ተገኘ። ይህም ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በአንዳንዱ ወረዳ የተያዘው ጥቂት ሲሆን፤ በሌላው ከግማሽ በላይ ነበረ። ከተያዙትም ግማሽ ያህሉ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ባሉት ዓመታት በጦርነት ምክንያት ቤቱን ጥሎ በመጠለያና በትምህርት ቤት አዳራሽ ተጨናንቆ ያደረ ሕዝብ፤ ይህን ደዌ እንደገና አይቶታል። ድርቅና ስደት ሰውን በአንድ ጥግ ሲያከማቹት፤ እከክም ያንኑ ተከትሎ ይመጣል።

አሁን በሌላ አገር የተደረገውን እንመልከት። በፓናማ የባሕር ጠረፍ በሳን ብላስ ደሴቶች በሚኖሩት የኩና ሕዝብ መካከል በ1986 ዓ.ም. ሰው ሁሉ ፐርሜትሪን የተባለውን ቅባት እንዲቀባ ተደረገ። ከመቶ 33 የነበረው እከክ ከመቶ 1 በታች ወረደ። ነገር ግን ቍጥጥሩና መድኀኒቱ በተቋረጠ ጊዜ በጥቂት ወር ውስጥ ተመልሶ ከመቶ 12 ደረሰ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ ሥራው የሚቻል መሆኑንና፤ በመካከል የተተወ ሥራ ግን ሜዳ ላይ እንደ ቀረ መሆኑን።

በሰሎሞን ደሴቶች ከ1997 እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ በአምስት ትንንሽ ደሴቶች ላይ አይቨርሜክቲን የተባለው የሚዋጥ መድኀኒት ለሕዝቡ ሁሉ ተሰጠ። ከመቶ 25 የነበረው የልጆች እከክ ከመቶ 1 በታች ሆነ፤ የልጆቹ ቍስልና በሽንታቸው ውስጥ ይታይ የነበረው ደም ደግሞ ቀነሰ። ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ መርማሪዎች ተመልሰው ሲሄዱ ደዌው ከሞላ ጐደል ጠፍቶ አገኙት። በዚያ ሥራ ከደሴቲቱ ወጥቶ የሚመለስ ሰውና አዲስ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መድኀኒቱን እንዲወስድ ይደረግ ነበር፤ ምስጢሩም በዚህ ላይ ነው።

የሁሉም ማስረጃ የሆነው ግን በፊጂ የተደረገውና በ2015 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ ነው። 2,051 ሰዎች በሦስት ወገን ተከፈሉ። በአንደኛው ወገን እንደ ልማዱ በሽተኛውና ከእርሱ ጋራ የሚኖሩት ብቻ ቅባት ተሰጣቸው፤ በሁለተኛው ሰው ሁሉ ፐርሜትሪን ተቀባ፤ በሦስተኛው ሰው ሁሉ አይቨርሜክቲን ዋጠ። ከዓመት በኋላ በቈጠሩ ጊዜ በአንደኛው ወገን እከክ ከመቶ 36.6 ወደ 18.8 ወርዶ ነበር፤ በሁለተኛው ከመቶ 41.7 ወደ 15.8፤ በሦስተኛው ግን ከመቶ 32.1 ወደ 1.9። በልማዱ አሠራር ግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ሁሉም መድኀኒቱን በዋጠበት ስፍራ ግን ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም። ከጥቂት ዓመት በኋላም በሰሎሞን ደሴቶች በሾይዘል አውራጃ ከ26,000 በላይ ሕዝብ በአንድነት ቢታከም፤ እከክ ከመቶ 18.7 ወደ 2.3 ወረደ። እንግዲህ ሥራው ለትንሽ ደሴት ብቻ የሚሆን አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. እከክን ትኵረት ከሚሹት የሐሩር አገር ደዌዎች ጋራ ቈጠረው፤ በማናቸውም ጊዜ ከ200,000,000 በላይ ሰው እንደሚያዝ ይገመታልና። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ አይቨርሜክቲንን ለእከክ ከመሠረታውያን መድኀኒቶች ዝርዝር ውስጥ አገባው። በዚያው ዓመት በማኒላ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ያቀረቡት ምክር፤ ከመቶ ሰው 10 ወይም ከዚያ በላይ በተያዘበት አገር ሕዝቡ ሁሉ ይታከም፤ በዓመት አንድ ጊዜ እየሆነ ከሦስት እስከ አምስት ዙር ይደረግ፤ ከመቶ 2 በታች ሲወርድ ይቁም የሚል ነው። በእያንዳንዱም ዙር መድኀኒቱ ሁለት ጊዜ ይሰጣል። መድኀኒቱ ዕንቍላሉን ስለማይገድል፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛው ሲዋጥ ከዕንቍላል የወጣውን አዲስ ትውልድ ያጠፋዋል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡትን ማለፍ አይገባንም። ጤነኛ ሰው ስለ ምን መድኀኒት ይውጣል? የሚሉ አሉ። ጤነኛ የተባለው ሰው ከላይ እንዳስረዳነው ምናልባት ደዌው ገና ያልታየበት ሰው ነው፤ ባይሆንም ልጁን ለማስከተብ የታመመ ልጅ እስኪያገኝ የሚጠብቅ አባት የለም። ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው የሚሉም አሉ። ነገር ግን አንዱን ልጅ በዓመት አራት ጊዜ ማከም፥ የእናቱን የመንገድ ቀን፥ የልጁን የትምህርት ቀን፥ የቍስሉን መድኀኒት ጨምሮ የሚያስብ ሰው፤ ርካሹ የቱ እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ከሁሉ ይከብዳል። መድኀኒት ለብዙ ሰው በተሰጠ መጠን ተባዪቱ ልትለምደው ትችላለች ይላሉ። ይህ ከንቱ ፍርሀት አይደለም፤ በአውሮጳ ፐርሜትሪን እንደ ቀድሞው አልሠራም የሚል ሐኪም በቅርብ ዓመታት በዝቶአል። መልሳችንም እንዲህ ነው። ማለማመድ ይልቁን የሚመጣው መድኀኒትን በጥቂት በጥቂቱ፥ በግማሽ ልክ፥ ያለ ፍጻሜ በመስጠት ነው። ስለዚህ ሥራው እከክ በእውነት በበዛበት ስፍራ ብቻ ተለይቶ ይጀመር፤ ከተጀመረም ሙሉ ሆኖ ይፈጸም፤ በየዓመቱም ይመርመር። እከክ ጥቂት በሆነበት ከተማ ሕዝቡን ሁሉ ማዋጥ አያስፈልግም፤ በዚያ በሽተኛውንና ቤተ ሰቡን በአንድ ቀን ማከም ይበቃል።

መድኀኒቱ የማይሰጣቸው ሰዎች እንዳሉም መታወቅ አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት፥ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት እናት፥ ክብደቱ ከ15 ኪሎ ወይም ቁመቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን አይቨርሜክቲን አይወስዱም። እነርሱ እንደ ሐኪም ትእዛዝ የፐርሜትሪን ወይም የዲን ቅባት ይቀባሉ እንጂ ያለ መድኀኒት ሊቀሩ አይገባም። ደግሞም ከመድኀኒቱ በኋላ ተባዪቱ ሞታ እንኳ ማሳከኩ እስከ ጥቂት ሳምንት ሊቈይ ስለሚችል፤ ይህ አስቀድሞ ለሕዝቡ ካልተነገረ ሰው መድኀኒቱን ይንቃል፤ በሚቀጥለው ዙርም አይመጣም።

አሁን ነገራችንን ወደ ሹማምንት እንመልስ። በአገራችን ሕዝብን በአንድ ጊዜ ማከም አዲስ ነገር አይደለም። ለትራኮማ አዚትሮማይሲን፥ ለወንዝ ዳር ዕውርነት ያው አይቨርሜክቲን ለብዙ ዓመታት ሲታደል ኖሮአል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቁመት የሚለካበትን እንጨት ይዘው በየመንደሩ ሲቆሙ፤ ባላገሩም ልጁን ይዞ ሲሰለፍ ያላየ የወረዳ ሹም ጥቂት ነው። ሠራተኛው አለ፤ መዝገቡ አለ፤ ልማዱም አለ። የሚቀረው ለእከክ የሚሆነውን መድኀኒት በበጀት መያዝ ነው። መድኀኒቱን የሚሠራው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ እንዲሰጥ ቃል የገባው ለወንዝ ዳር ዕውርነት፥ ኋላም ለዝሆኔ ነው እንጂ ለእከክ አልነበረምና።

ሹማምንት ሊጠነቀቁበት የሚገባው ዋና ነገር ግን ሌላ ነው። በመዝገብ ላይ የተጻፈው ቤተ ሰብ ነው፤ በመንደር የሚኖረው ሰው ግን ሁሉ ቤተ ሰብ የለውም። በእህል መውቂያ ወራት ከሩቅ የመጣ የቀን ሠራተኛ፥ በወህኒ ቤት ያለ እስረኛ፥ በመጠለያ ያለ ተፈናቃይ፥ በጠበል ስፍራ የሰነበተ በሽተኛ፥ በከተማ በረንዳ የሚያድር ልጅ፥ በማንም ቤት መዝገብ ላይ አይገኝም። እከክ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው በእነዚሁ ላይ ነው። መቶ ቤት ታክሞ እነዚህ የቀሩ እንደ ሆነ፤ ሥራው ሁሉ የፈሰሰ ውሃ ይሆናል። በሰሜን አውስትራልያ በአንድ መንደር ሕዝቡ ሁሉ ከታከመ በኋላ፤ ቅርፊት የሚያበዛው ጽኑ የእከክ ዐይነት የያዘው አንድ ሰው በመገኘቱ ደዌው እንደገና ተነሥቶአል። እንዲህ ባለው ሰው ገላ ላይ ተባዮቹ በሺህና ከዚያም በላይ የሚቈጠሩ ናቸውና። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ፈልጎ በልዩ ጥንቃቄ ማከም ለሕዝቡ ሁሉ የሚደረግ ጥበቃ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትና ካህናትም በዚህ ነገር ከማንም ያላነሰ ድርሻ አላቸው። ቤተ ሰብ ከሌላቸው ከቈጠርናቸው ሰዎች መካከል የቆሎ ተማሪውን ለይተን ለእነርሱ አቈይተነዋል። ልጁ ገና በስምንት በዘጠኝ ዓመቱ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ በአንዲት ጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋራ ተጠጋግቶ ያድራል፤ ቀን በየደጁ እየዞረ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል፤ ንባቡን ሲጨርስ ወደ ዜማ፥ ዜማውን ሲጨርስ ወደ ቅኔ ቤት እያለ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይሻገራል። በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ እከክን እንደ ትምህርቱ አንድ ክፍል አድርጎ በሣቅ ያወራዋል። ነገር ግን ዛሬ መምህር ሆኖ በሣቅ የሚያወራው፤ ትናንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣበት ነገር ነበረ። ከእርሱም ጋራ የነበሩ፥ ገላቸው ቈስሎ፥ እግራቸው አብጦ፥ ትምህርታቸውን ትተው የተመለሱ ልጆች አሉ። እነርሱ ግን ታሪካቸውን ለመንገር በመካከላችን አልተገኙም።

የቀበሌው ሕዝብ መድኀኒት በሚወስድበት ቀን ተማሪው በየትኛውም ቤት ስላልተጻፈ ይዘለላል። በማግስቱ ግን በዚያው ሕዝብ ደጅ ይቆማል። ስለዚህ የኔታ ተማሪዎቻቸውን በስም ጽፈው ለጤና ኬላው አስቀድመው ቢሰጡ፤ በሕክምናው ቀን ጕባኤውን አጥፈው ሁሉንም ይዘው ቢወጡ፤ አዲስ የገባ ተማሪም መድኀኒቱን ሳይወስድ ከጎጆ እንዳያድር ቢያደርጉ፤ ማንም ሹም ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ይሠራሉ። ደበሎውም በከረጢት ታስሮ ጥቂት ቀን ሲቈይ፤ ለዚያ ጊዜ የሚለበስ ነጠላ የሚሰጥ ምእመን በየደብሩ አይታጣም።

ሁለተኛው የካህናት ድርሻ ኀፍረትን ማራቅ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን የቈዳን ደዌ የሚመረምረውና የዳነውን ወደ ማኅበር የሚመልሰው ካህኑ እንደ ነበረ የመጻሕፍት ሊቃውንት ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ዛሬም ሕዝቡ የሚሰማው የካህኑን ቃል ነው። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቄስ በዐውደ ምሕረት ቆሞ፤ እከክ የኀጢአት ምልክት አይደለም፥ የስንፍናም ምልክት አይደለም፥ በዚህ ቀን ሁላችሁ ወደ ጤና ኬላው ውጡ፥ እኔም ከእናንተ ጋራ አለሁ ቢል፤ መቶ ማስታወቂያ ከመለጠፍ ይበልጣል። ጠበል የሚጠመቀውም ሰው መድኀኒቱን ከመውሰድ እንዳይከለከል ማስረዳት ያስፈልጋል። በኤች አይ ቪ ዘመን አባቶች ጠበልና መድኀኒት እንደማይጣሉ አስተምረው ብዙ ነፍስ አድነዋልና፤ ያው ትምህርት ለዚህም ይሆናል። በሌላ ሃይማኖት ያሉ መምህራንም በበኩላቸው እንደዚሁ ቢያደርጉ ሥራው ይፈጸማል።

አንድ ሰው ብቻውን ቢታከም ለራሱም አይተርፍም፤ ሁሉ በአንድ ቀን ቢታከም ግን አንዱ ለሌላው ጠባቂ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለውም እንዲህ ላለው ነገር ነው። እስከ ዛሬ ይህን ሸክም ያሸከምነው ልጅዋን አዝላ ሁለት ሰዓት ለምትጓዘው እናትና በጎጆው ተኰራምቶ ለሚያነጋው ተማሪ ነበረ። መድኀኒቱ የታወቀ፥ መንገዱም የተፈተነ ሆኖ ሳለ፤ እንግዲህ ወዲህ ሌሊቱን ሲያክ ለሚያድረው ልጅ የምንሰጠው ምክንያት አይኖረንም። ስለዚህ የወረዳው ሹም መዝገቡን፥ የኔታም የተማሪዎቻቸውን ስም ይዘው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኙ፤ ቀኑንም ይቍረጡ።